እግሩ ያልነገረውን

ጎህ ሳይቀድ ከአጥር ውጭ ዜማ ይሰማል። ባልና ሚስት እየተቀባበሉ የቤቱን ጌታ በስሙ ጠርተው ያሞግሳሉ፣ የተሰጣቸውን እህል ወይም ሳንቲም ተቀብለው ፀሐይ ሳትወጣ ወደ ሌላ ደጅ ያልፋሉ። ላሊበሎች ይባላሉ፤ ሐሚና የሚሏቸውም አሉ። ለምን እንደሚያዜሙ ሲጠየቅ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረው መልስ አንድ ነው፤ ከዘራቸው ይህን ልማድ የተወ ሰው ቁምጥና ይይዘዋል። ስለዚህ በሬና ማሳ ያለው፣ ለምኖ ማደር የማያስፈልገው ሰው ጭምር ለወጉ ያህል ወጥቶ ያዜማል።

ይህ ዜማ ስለ በሽታ የሚያስተምር ትምህርትም ነው። ሐኪም ሳይኖር፣ ፊደል ሳያስፈልግ፣ በየማለዳው በየደጁ ሲሰጥ የኖረ። ደዌው በዘር ይወርዳል፣ የሚመልሰውም ሥርዓት ነው ይላል። በኢትዮጵያ የሥጋ ደዌ ታማሚን ሊያስተምር የመጣ ሁሉ ያገኘው ጠፍ መሬት ሳይሆን ቀድሞ የተዘራበት ማሳ ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው የዚህ ትምህርት ታሪክ፣ አስተማሪዎቹ ማሳውን ቀስ በቀስ ማየት የጀመሩበት ታሪክ ነው።

መጠጊያው

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ አባ ማሪ በርናር ሐረር ላይ የቅዱስ አንጦንዮስን የሥጋ ደዌ መጠጊያ አቋቋሙ። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ በርገን ከተማ ውስጥ ያዩት እ.ኤ.አ. በ1873 ስለነበር፣ ደዌው ከተሐዋስያን እንጂ ከዘር እንደማይመጣ ለሊቃውንቱ ከታወቀ ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ታማሚው ግን ከዚህ እውቀት ያገኘው ነገር አልነበረም። በዓለም ዙሪያ ይሰጥ የነበረው ሕክምና ከዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ የሻውልሙግራ ዘይት ነው፤ መርፌው ያማል፣ ፈውሱ አይጨበጥም። መድኃኒት በሌለበት ዘመን መጠጊያ የሚያስተምረው ነገር ጥቂት ነው። ጸልይ፣ ከቻልክ ሥራ፣ ከሰው ተለይተህ ኑር።

በ1920ዎቹ አጋማሽ ላይ ደግሞ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ በነበረ ስፍራ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራ ሆስፒታል ሠራ። ሕሙማን ከየጠቅላይ ግዛቱ እየመጡ በዙሪያው ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ልጆች አሳደጉ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል። በኋላ በደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ፣ በሻሸመኔ፣ በሐረር አቅራቢያ ቢሲዲሞ ተመሳሳይ ሆስፒታሎች ተከፈቱ፤ በአጥራቸው ዙሪያም ሰው ሰፈረ።

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላል ያገራችን ሰው። የሥጋ ደዌ ታማሚ ግን ይህን ምክር የሚሰማበት ምክንያት አልነበረውም። የገለጠ ሰው ትዳሩን፣ ርስቱን፣ የማኅበር ወንበሩን ያጣል። ስለዚህ ቆዳው ላይ የወጣችውን፣ ብትነካ የማትሰማ ነጣ ያለች ምልክት በልብሱ ይሸፍናል። ይዞት ወደ ሐኪም ሲመጣ ነርቩ ከሞተ ቆይቷል። ያን ጊዜ ደግሞ ገና ማንም መልስ ያልሰጠው ሌላ እንቆቅልሽ ይጠብቀዋል።

ሕመም የሌለው ቁስል

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዳፕሶን የሚባል ርካሽ እንክብል መጣ። ባክቴሪያውን ያዳክማል፣ ለዓመታት ይወሰዳል። ሆኖም እንክብሉን ሳያቋርጥ የሚውጠው ሰው ጣቶቹ ማጠራቸውን፣ የእግሩ መርገጫ መቁሰሉን አላቆመም። ታማሚው የደረሰበት ድምዳሜ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ መድኃኒቱ አይሠራም አለ። ሥጋዬ እየተበላ ነው፣ ደሜ ነው፣ ዘሬ ነው አለ።

መልሱ የተገኘው ደቡብ ሕንድ ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በቬሎር ሆስፒታል ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን የዛገ ቁልፍ አልዞር ሲላቸው፣ አንድ ታማሚ ልጅ ቀረብ ብሎ ያለ ችግር አዞረላቸው። ሐኪሙ የልጁን እጅ ሲያዩ ጣቱ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቆ ይደማል፤ ልጁ ግን ምንም አልተሰማውም። ሌሎች ታማሚዎች ደግሞ ጠዋት ሲነሱ ከጣታቸው የጎደለ ነገር ያገኛሉ። ሌሊት ነቅቶ የጠበቀ ሰው ሌባውን አየው፤ አይጥ ነበረች። ከዚያ በኋላ ከሆስፒታሉ ለሚወጡ ሰዎች ድመት አብሯቸው እንዲሄድ ተደረገ።

ከነዚህ ገጠመኞች የወጣው እውቀት ለታማሚ የሚነገረውን ሁሉ ገለበጠው። ሥጋው በራሱ አይበሰብስም። ባክቴሪያው የሚገድለው ነርቩን ነው፤ ነርቩ ሲሞት ሕመም አብሮ ይሞታል፤ ሕመም የማይሰማው ሰው ደግሞ ሳያውቅ ራሱን ይጎዳል። ጣት የሚያሳጥረው ምጣድ ነው፣ እሾህ ነው፣ የጫማ ሚስማር ነው። እንዲህ ከሆነ እጅና እግርን ማዳን ከሐኪሙ እጅ ወጥቶ በታማሚው እጅ ገባ ማለት ነው፤ ታማሚው ከተማረ።

በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ አለርት ተቋቋመ፤ ሙሉ ስሙ ሲፈታ የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ማለት ነው። ሐሳቡን ካመነጩት አንዱ እኚሁ ፖል ብራንድ ነበሩ። ከመላው አህጉር ሐኪሞችና ነርሶች እየመጡ የሚሠለጥኑበት፣ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ባለ ለስላሳ ጎማ ጫማ የሚሠራበት ስፍራ ሆነ። እዚያ ሲሰጥ የኖረው የእግር ትምህርት አራት ነገሮች አሉት። በየቀኑ እግርን ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፤ የጠጠረውን ቆዳ በሻካራ ድንጋይ መፈግፈግ፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ቅባት መቀባት፤ ከዚያም መርገጫውን በዓይን መመርመር። ቁስል ካለ ማሳረፍ፣ ሲወጡ ጫማ ማድረግ።

ሲነገር ቀላል ነው። ነገር ግን የሚያስተምሩት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እናስብ። እሾህ የወጋው ሰው ማንም ሳያስተምረው ያነክሳል። ማነከሱ እግሩን ያሳርፈዋል፣ ዕረፍቱ ያድነዋል። ነርቡ የሞተ ሰው ግን እሾሁን ይዞ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ሌላው ከልጅነቱ ጀምሮ በሕመም የተማረውን ይህ ሰው በሐሳብ መተካት አለበት። ሳያመው እንደሚያመው መኖር አለበት። ከዚህ የከበደ ትምህርት በየትኛውም ትምህርት ቤት የለም።

ደግሞም ለሁሉ አንድ ዓይነት ትምህርት አይሆንም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ግለቱን የምታውቀው ምጣዱን ወይም ድስቱን በእጇ ነክታ ነው፤ እጇ ከደነዘዘ በጨርቅ መያዝን፣ የሲኒውን ሙቀት ባልደነዘዘው ክንዷ መለካትን መልመድ አለባት። ገበሬው የእርፉ እጀታ መዳፉን ሲልጠው ስለማያውቅ እጀታውን በጨርቅ ወይም በቆዳ መጠቅለል፣ ማታ መዳፉን ማየት አለበት። ዓይነ ስውር የሆነውስ? በሽታው የዓይን ቆብን ነርቭ ሲይዝ ሰውየው መርገብገብ ያቅተዋል፣ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይጠፋል። በእጁ የማይሰማ፣ በዓይኑ የማያይ ሰው እግሩን የሚመረምርለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው የሚማርለት።

ለዚህ ትምህርት ባሕሉ ያዘጋጀው መቀመጫም ነበር። በአገራችን ከእርሻ የተመለሰ አባወራ ማታ እግሩን ይታጠባል፤ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠብለታል፤ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። “ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፍ” የሚለው የሐኪም ትእዛዝ ከዚህ የማታ ሥርዓት ጋር ሲገጥም የቤቱ ልማድ ይሆናል። ሳይገጥም ሲቀር በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

የገበያ ቀን

በ1960ዎቹ አለርት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የአጥንት ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ትኩረታቸው በሌላ ዓይነት እግር ተሳበ። ከጉልበት በታች ያበጠ፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት የሻከረ፣ ነገር ግን የማይሰማው ሳይሆን በጣም የሚያመው እግር። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። የሕክምና መጻሕፍት ደግሞ በትንኝ የሚተላለፍ ትል ያመጣዋል ይላሉ። ደጋው ላይ ግን ያ ትል አልተገኘም።

ተመራማሪዎቹ ምስጢሩን የፈለጉት ገበያ ወርደው ነው። የገጠር ሰው ሁሉ በገበያ ቀን ይወጣል፤ በመንገዱ ዳር ቆሞ ያበጡ እግሮችን የሚቆጥር ሰው የአገሩን በሽታ ይቆጥራል። ቆጠራው ከአፈሩ፣ ከከፍታውና ከዝናቡ ጋር ሲነጻጸር አንድ መልክ ወጣ። እብጠቱ የበዛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይና ደጋ ነው፤ የሚያጠቃውም በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ነው። ፕራይስ በታማሚዎቹ ዕጢ ውስጥ ጥቃቅን የአፈር ደቂቆችን በአጉሊ መነጽር አዩ። ደቂቁ በእግር ቆዳ ገብቶ የፈሳሽ መመለሻ ቧንቧዎችን ቀስ በቀስ ይደፍናል። በሽታውንም ከግሪክኛ “እግር” እና “አቧራ” አዋሕደው ፖዶኮኒዮሲስ አሉት።

ለታማሚው የሚነገረው አሁንም ተለወጠ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ መከላከያው ጫማና ሳሙና ነው። ሆኖም ገበሬን “አፈሩ ነው ያሳመመህ” ማለት ቀላል ነገር አይደለም። አፈሩ ርስቱ ነው፣ እህሉ ነው፣ አባቱ የተቀበረበት ነው። አብሮት ያረሰው ጎረቤቱ ደግሞ እግሩ ደህና ነው። ለምን እኔ ብቻ? ይህን ጥያቄ በዚያን ጊዜ ሊመልስ የቻለ ሰው አልነበረም። ሳይመለስ የቀረ ጥያቄም ወደ ድሮው መልስ ይመልሳል፤ እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ ዘር ነው።

ድነሃል ሲባል

እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ጤና ድርጅት ለሥጋ ደዌ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት የሚሰጥ ሕክምና አወጀ፤ በቀጣዩ ዓመት በኢትዮጵያ ተጀመረ። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና ለቀላሉ ዓይነት ስድስት ወር፣ ለከባዱ ሁለት ዓመት ሆነ። አስተማሪዎቹ ግን አዲስ ፍርሃት ገጠማቸው። ሪፋምፒሲን ሽንትን ያቀላል፤ ክሎፋዚሚን ቆዳን ያጠቁራል። ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ሽንቱን አይቶ ደም መስሎት እንክብሉን ሊጥል ይችላል። መልኳ ሲጠቁር በሽታዋ የተገለጠባት የመሰላት ሴት ከቤት መውጣት ልትተው ትችላለች። አስቀድሞ “ሽንትህ ቀይ ይሆናል፣ መድኃኒቱ ነው፣ አትፍራ” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሕክምናን ከመቋረጥ ያድናል።

ሁለተኛው ችግር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚፈታ አልሆነም። ሕክምናው ሲያልቅ ታማሚው ከመዝገብ ይወጣል፤ “ድነሃል” ይባላል። ባክቴሪያው በእርግጥ ሞቷል። የሞተው ነርቭ ግን አልተመለሰም። የዳነው ሰው ቁስሉን ይዞ እንደ ድሮው በየሳምንቱ ለፋሻና ለመድኃኒት ክሊኒክ ይሰለፋል። ነርሷ ታጥባለች፣ ታሽጋለች፤ እሱ ይሄዳል፣ በዚያው እግር ይረግጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ለሐኪሙ “መዳን” የባክቴሪያ ጉዳይ ነው፤ ለታማሚው “መዳን” እግሩ መጠገን ነው። አንድ ቃል ለሁለት ነገር እየዋለ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደምሮ፣ የሚታሸገው ቁስል በዛ፣ የክሊኒኩም ፋሻ አልበቃ አለ።

ክብ ሠርተው የተቀመጡት

ከ1987 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አለርት በሚያገለግላቸው አካባቢዎች ለየት ያለ ሙከራ ተጀመረ። ቁስል ያለባቸው ሰዎች በየሰፈራቸው ራስን የመንከባከብ ቡድን መሠረቱ። አንድ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘፈዝፋሉ፣ ይፈገፍጋሉ፣ ይቀባሉ፣ አንዱ የሌላውን መርገጫ ያያል። ከክሊኒክ በሚመጣ ዕቃ ፋንታ በቤት ባለው ነገር መጠቀምን ለመዱ። በአራት ዓመት ውስጥ ቡድኖቹ ከ70 በላይ ሆኑ። አባላቱ ቁስላቸው እንደቀነሰ፣ ቁስሉንም ራሳቸው መያዝ እንደቻሉ፣ በሰው ፊት መታየት እንደቀለላቸው ተናገሩ።

ምን ተለወጠ? አራቱ ነገሮች ያው ናቸው፤ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ቅባት፣ ዓይን። የተለወጠው አስተማሪው ነው። ነርሷ “በየቀኑ እግርህን እይ” ስትል ሰውየው በልቡ “አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ እግርሽ ጤነኛ ነው” ሊላት ይችላል። እንደሱው ሦስት ጣት የቀረው ሰው “ባለፈው ሳምንት ጠጠር ሳላይ ውዬ ይኸው ቆሰልኩ” ሲለው ግን የሚመልሰው ቃል የለውም። ዓይኑ የጠፋበት አባል ደግሞ እግሩን የሚያይለት ሰው እዚያው ክቡ ውስጥ ያገኛል። ፊደል ያልቆጠረውም በወረቀት ፋንታ የጎረቤቱን እግር ያነባል። ዕድርና ዕቁብ ለለመደ ሕዝብ ክብ ሠርቶ መቀመጥ አዲስ ነገር አልሆነም፤ አንዳንዶቹ ቡድኖችም ቆይተው ወደ ቁጠባና ወደ ገቢ ማስገኛ ሥራ ተሻገሩ። በዚያው ጊዜ፣ በ1988 ዓ.ም. ገደማ፣ የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች የራሳቸውን አገር አቀፍ ማኅበር መሠረቱ። ለአሥርተ ዓመታት ሲነገራቸው የኖሩት ሰዎች አሁን ተናጋሪ ሆኑ።

ይኸው ሐሳብ በሌላ መንገድ ወላይታ ላይ ብቅ አለ። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ናታን ባርሎው አገሩን ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል። ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ወደ ሶዶ ተመልሰው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ለዝሆኔ ታማሚዎች የሚሠራ ፕሮጀክት መሠረቱ። ሕክምናው እግርን በሳሙናና በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ባርሎው ይህን እንዲያስተምሩ የመረጧቸው በሽታውን በራሳቸው እግር ያሳለፉ፣ ታክመው የተሻላቸው የመንደሩ ሰዎች ነበሩ። ወደ ታማሚው ቤት ሄደው የድሮ እግራቸውን በቃል፣ የአሁኑን ደግሞ ገልጠው ያሳያሉ። አንዳንድ ታካሚዎች ጫማ መሥራት ተማሩ፤ ለእንደዚያ ዓይነት እግር በገበያ ላይ የሚገኝ ልክ የለምና።

መምህሩን ማስተማር

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው በየገጠር ቀበሌው ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ከጤና ኬላው ይልቅ በየቤቱ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ “ሞዴል” ተብሎ የሚመረቀው የ96 ሰዓት ትምህርት ተከታትሎ፣ ያንንም በቤቱ ሲተገብር ነው። መንግሥት ትምህርት ወደ ታማሚው ደጅ መሄድ እንዳለበት የተቀበለበት ትልቁ እርምጃ ይህ ነበር።

ደጁ ላይ የደረሰው መምህርስ ራሱ ምን ያውቃል? በ2002 ዓ.ም. ገደማ በደቡብ ኢትዮጵያ በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት የሚያስደነግጥ መልስ ይዞ መጣ። ከተጠየቁት ባለሙያዎች ከግማሽ በላይ ዝሆኔ ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሲያክሙ እንዳይዛቸውም ይፈሩ ነበር። ከማለዳው ዜማ ጋር ያደገ ልጅ ነጭ ጋዋን ስለለበሰ ብቻ ዜማውን አይረሳም። ታማሚው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ የሚያየው የባለሙያውን ቃል ሳይሆን ወደ ኋላ ሸሸት ያለውን እጁን ነው። ከዚያ በኋላ “አይተላለፍም” ቢለው ማን ያምነዋል?

በእነዚያው ዓመታት የድሮው ጥያቄ፣ “ለምን እኔ ብቻ?” የሚለው፣ መልስ ማግኘት ጀመረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊት ሐኪም ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ቤተሰቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የታማሚ ወንድምና እህት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነ አገኙ። በ2004 ዓ.ም. ፋሲል ተኮላና አጋሮቻቸው ለበሽታው የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት መኖሩን በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተሙ። አፈሩ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሰዎች ሰውነት ግን ለአፈሩ የሚሰጠው ምላሽ ይለያያል።

እንግዲህ የገጠር ሰው “በዘር ነው” ሲል ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም ነበር! ለአስተማሪው ከዚህ የባሰ አጣብቂኝ የለም። እውነቱን ከተናገረ መገለልን ያጠናክራል፤ “ይህ ዘር ነው፣ ልጃችሁን አትስጡ” ይባላል። ከደበቀ ደግሞ ታማሚው በዓይኑ የሚያየውን ነገር ክዷልና አይታመንም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ደም ከመውሰዳቸው በፊት መንደሩ ምን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚያምን መጠየቅ ነበረባቸው። በኋላም በወላይታ ለቤተሰቦች በየቤታቸው የተሞከረው ትምህርት ነገሩን እንዲህ አቀረበው፤ የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን እግር ለአፈር ያለው ስስነት ነው፤ ስስ እግር ያለው ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገ በሽታው አይደርስበትም። “በዘር ነው” የሚለው ቃል በቦታው ቀረ፤ የተለወጠው ከሱ በኋላ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ነው። ቀድሞ “ስለዚህ አትጋቡ” ይባል ነበር፤ አሁን “ስለዚህ ለልጁ ጫማ ግዙለት” ሆነ።

አነደድ

በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዝሆኔን ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ አስገባች። በአገር አቀፍ ደረጃ የተሠራው ካርታ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች በሽታው እንዳለባቸው ገመተ። ይህን ሁሉ ሰው የሚያክም ሆስፒታል የለም፤ ሊያክመው የሚችለው ራሱ ታማሚው ነው። ግን ትምህርቱ በእርግጥ ይሠራል ወይ? በወላይታ የታየው መሻሻል በጠንካራ ሙከራ ገና አልተፈተነም ነበር።

ፈተናው የተካሄደው በምሥራቅ ጎጃም፣ አነደድ ወረዳ ነው። 696 ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ወዲያው እግር ማጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ ካልሲና ጫማን ከነትምህርቱ አገኘ፤ ሌላው ከዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። የተለካው ታማሚዎቹ በጣም የሚፈሩት ነገር ነው፤ እግሩ በድንገት ግሎና አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ አስይዞ አልጋ ላይ የሚጥልበት ጊዜ። በአዝመራ ወቅት እንዲህ ሲነሳበት የዓመት ቀለቡ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ውጤቱ በ2010 ዓ.ም. ታተመ። ትምህርትና ሕክምና ባላገኙት ዘንድ በሽታው በአንድ ሰው ላይ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ተነሳ፤ ባገኙት ዘንድ 19.4 ጊዜ። ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ቅነሳ ነው። ሳይነሱ የቀሩ አራት ወይም አምስት የሕመም ጊዜያት ለአንድ ገበሬ ብዙ ናቸው፤ ማረስና አለማረስ በመካከላቸው ነው። ደግሞም ቁጥሩ ዕርቃኑን ሲታይ የተማረው፣ ሳሙናና ጫማ የተሰጠው ሰው እንኳ በየሦስት ሳምንቱ ገደማ ይወድቃል ማለት ነው።

ይህ ትምህርቱ እንዳልሠራ አያሳይም፤ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። “በየቀኑ እግርሽን ታጠቢ” የምትባለው ሴት ውሃውን ያበጠ እግሯን እየጎተተች ከምንጭ የምታመጣው ራሷ ልትሆን ትችላለች። ያ አንድ ጀሪካን ደግሞ የወጡ፣ የቡናውና የልጁ ፊት ውሃ ነው። ሳሙናው ከገበያ ነው። ጫማው ሲቀደድ ሌላ ልክ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደጃፉ ላይ ታወልቀዋለች።

ከሐረር መጠጊያ እስከ አነደድ ያለፉት መምህራን ይህን አንድ በአንድ፣ ብዙ ጊዜም በስሕተት ተማሩት። የመጀመሪያዎቹ ተናገሩ፤ ቀጥለው የመጡት አሳዩ፤ ኋላ ላይ ደግሞ ወንበሩን ለታማሚው ለቀቁ። ዛሬ በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ የከተማ ሰውም ያንኑ የዘነበወርቅ ትምህርት ይማራል፤ ማታ መርገጫህን እይ፣ ጫማህን ከማጥለቅህ በፊት ውስጡን ዳስስ። ምናልባት ለእሱ ውሃ ከቧንቧ ይወርዳል፤ ግን ጎንበስ ብሎ መርገጫውን ማየት የማያስችለው ወገብ ወይም የደከመ ዓይን ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ አዋቂ አስተማሪ ሳሙናውን ከማውጣቱ በፊት ይጠይቃል። ለአንዷ “ውሃ የምትቀጂው ከየት ነው?” ይላታል። ለሌላው ደግሞ “ማታ እግርዎን ማን ያይልዎታል?”